እጁ እስኪነሳ

ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት መታወቂያውና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም የምትጠራበት በጣም ስትቆጣ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ጆሮው ሰፊ ሆኖ አይደለም። አሮጌ መኪና በሩ ላይ ሲቆም ኮፈን ሳይከፍት በሽታውን ስለሚናገር ነው። «ሦስተኛው ካንዴላ ተኝቷል» ይላል፤ ሲፈተሽ ሦስተኛው ካንዴላ ተኝቶ ይገኛል። ከሩቅ ከተማ ድረስ የአባታቸውን መኪና እያስጎተቱ የሚመጡበት ሰዎች ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጆሮ መስማት ካቆመ ሰባት ዓመት አልፎታል።

ጭራሽ ደነቆረ ማለት አይደለም። ሚስቱ ፊት ለፊቱ ሆና ስትናገር ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ከከንፈሯ ያነባል። የጎደለውን ራሱን በመነቅነቅ ይሞላዋል። ስንቱን ነገር ሳይሰማ እሺ ብሎ እንደፈረመ እግዜር ይወቀው። ያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የወፍ፣ የበር ደወል፣ የሻይ ማንኪያ። ሠላሳ ዓመት ጭንቅላቱን ኮፈን ስር ቀብሮ የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው እሱን ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ የሚፈለገው እሱው ነው።

ለምን እንደሚፈለግ ላስረዳ፤ መኪና የማይወድ ሰው ትንሽ ይታገሰኝ። የዛሬ መኪና ኮምፒውተር ስላለው የራሱን ነገር ራሱ ያውቃል። አሮጌ መኪና ግን እንደ አሮጌ ሰው ነው፤ የሚያዳምጠው ይፈልጋል። ቤንዚንና አየር ሲሊንደር ውስጥ ታምቆ ካንዴላው ብልጭ ሲል ወዲያው የሚፈነዳ ይመስለናል። አይደለም። እሳቱ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዓይን ከመርገብገቡ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ጊዜ ነው። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለሰው ብረት፣ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት መቅደም አለበት፤ ፒስተኑ ጫፍ ነክቶ ሊመለስ ሲል እሳቱ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ እንዲጠብቀው። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጦ የገፋ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከዘገየህ ባዶ አየር ትገፋለህ፤ ከቸኮልክ እየመጣ ያለው ዥዋዥዌ እጅህን ይመታሃል።

እሳቱን የማስቀደሙን ልክ መካኒኮች ታይሚንግ ይሉታል። የሚስተካከለው ዲስትሪቢውተር የሚባለውን፣ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድለውን ዕቃ፣ ብሎኑን አላልቶ በእጅ በማዞር ነው። ወደ አንድ ጎን ሲዞር እሳቱ ይዘገያል፤ መኪናዋ ትለግማለች፣ ትግላለች፣ ቤንዚን ትጨርሳለች። ወደ ሌላው ሲዞር ይቀድማል፤ ሞተሩ ይነቃል፣ ጉልበቷ ይጨምራል፣ ደግሞ ይጨምራል። ከዚያ አንዲት ፀጉር ታህል ስታልፍ ማንኳኳት ትጀምራለች። ቀጭን ድምፅ ናት፤ ጣሳ ውስጥ ያለ ጠጠር ዓይነት። እሳቱ ገና ሽቅብ እየመጣ ያለውን ፒስተን አናቱን እየመታው ነው ማለት ነው። ያን ድምፅ ሰምቶ ያልመለሰ ሰው ዳገት ላይ ፒስተኑን ይበሳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው መኪና ከሁሉ በላይ ጉልበት የምታገኘው ልትጠፋ አንዲት ፀጉር ሲቀራት መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩት የሚስቱ አባት ናቸው። ጋራዡም የእሳቸው ነበር። ሠራተኛው አለቃ ይላቸዋል፤ ጆሮ ግን አማቻቸውም ስለሆነ ጋሼ ነበር የሚላቸው። ሽማግሌው ከማንም ያልተማሩት የራሳቸው አሠራር ነበራቸው። ሞተር እያጓራ መነጋገር አይቻልምና ጆሮ ጎንበስ ብሎ ዲስትሪቢውተሩን ሲይዝ እሳቸው ከኋላው ይቆሙና ቀኝ እጃቸውን ትከሻው ላይ ያሳርፋሉ። እጁ ከተጫነ አስቀድም ማለት ነው። እጁ ከተነሳ በቃ። ሌላ ቃል የለም። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ግማሹ የለም፤ በወጣትነታቸው የሞተር ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ በልቶታል። «ሌባው እጅ ከፍንጅ ተይዞ ተቀጣ» እያሉ ራሳቸው ይስቁበት ነበር። ጆሮ ያቺን አጭር ጣት በቱታው ላይ እያለፈች ከሌሎቹ ለይቶ ያውቃታል።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው።

ሽማግሌው የራሳቸው መኪና ነበረቻቸው፤ ክብ መብራት ያላት፣ ቀለሟ የወተት ቡና የሚመስል የቤት መኪና። የገዟት ሴት ልጃቸው በተወለደች ዓመት ስለሆነ ልጅቷና መኪናዋ እኩዮች ናቸው፤ የትኛዋ ይበልጥ እንዳረጀች ግን በዚያ ቤት አይጠየቅም። ያን ቀን ከባድ የወፍጮ ሞተር ከኋላ ጭነው ረጅሙን አቀበት ወደ ላይኛው ከተማ ሊወጡ ነበር። አቀበቱ ዘጠኝ መታጠፊያ አለው፤ በአንድ በኩል ግንብ፣ በሌላው ገደል። ከመነሳታቸው በፊት ታይሚንጓን እናስተካክል አሉና ጆሮ ጎንበስ አለ፤ እጁ ትከሻው ላይ አረፈ፣ ተጫነ፣ ተጫነ፣ ተነሳ።

ጆሮ ግን አላቆመም። ለረጅም ጊዜ በአማቱ ሲያሾፍባቸው ኖሯል። «የአዛውንት ታይሚንግ ነው የሚያስሩት ጋሼ፣ ጉልበት እያላት በምርኩዝ ያስኬዷታል» ይላቸዋል። እሳቸውም «ዳገቱን የምታውቀው በወሬ ነው» ይሉታል። ያን ቀን እጁ ከተነሳ በኋላ አንዲት ፀጉር ጨመረና ብሎኑን አጠበቀ። ጭነት የላትምና አላንኳኳችም፤ እንዲያውም ድምፅዋ አማረ። ዳገቱ ላይ ጉልበቷን አይተው ተመልሰው ሲመጡ «ጎሽ» እንዲሉት ፈልጎ ነው። ሌላ ክፋት አልነበረውም። ሰው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለች ነገር ነው።

ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ሞተ። ሽማግሌው ወርደው ኮፈኑን ከፈቱና ጎንበስ አሉ፤ የተከፈተው ኮፈን ከላይ የሚመጣውን ከለለባቸው። ከላይ የጭነት መኪና እየወረደ ነበር። መኪናዋ ግራ መብራቷ ብቻ ተሰበረ።

ሞተሯን የከፈታት ጆሮ ብቻ ነው። ሁለተኛው ፒስተን አናቱ ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረው። ያን ፒስተን ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ቀላቅሎ ሸጠው፣ ሌላ ገጠመ፣ መኪናዋንም ጋራዡ ጥግ በሸራ ሸፍኖ አቆማት። ሚስቱ በአባቷ ለቅሶ ዓይኗ አብጦ «ምን ነክቷት ነው የቆመችው?» ብላ ስትጠይቀው «ቫልቭ ነው፤ እርጅና ነው» አላት። እሷም አመነችው። ለምን አታምነው?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋራዡ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ የአንድ አስተማሪ መኪና ነበረች። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ በሩ ድረስ ገብታለች። ጆሮ ብሎኑን አላልቶ ዲስትሪቢውተሩን እንደያዘ ቀኝ ትከሻው ላይ እጅ አረፈ።

እጁ ቀዝቃዛም ሙቅም አልነበረም፤ ክብደት ብቻ ነበረው። አራት ጣት ሙሉ፣ አንዱ አጭር። ተጫነ። የጆሮ እጅ ከእሱ ፈቃድ ውጭ ዲስትሪቢውተሩን አዞረ። ተጫነ፤ አዞረ። ተነሳ፤ ቆመ። ዞር ሲል አስተማሪው ብቻ በሩ አጠገብ ቆሞ ጋዜጣ ያነባል። መኪናዋ እንደዚያ ቀን ልክ ሆና አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ እጁ ቀርቶ አያውቅም። ለሌላ ሥራ አይመጣም፤ ፍሬን ሲጠግን፣ ዘይት ሲቀይር ብቻውን ነው። ታይሚንግ ላይ ግን ጎንበስ እንዳለ ይመጣል። ጆሮም እየፈራ ለመደው፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም። እንዲያውም ውሎ አድሮ አንድ ሐሳብ አጽናናው፦ ጋሼ ይቅር ብለውኛል፣ ባይሉኝ ኖሮ መች ይረዱኝ ነበር? ዝናው የገነነው ያኔ ነው። ጆሮው እየደከመ ሲሄድ እንኳ ማንም አላወቀበትም፤ የሚሰሙለት ሌላ ሰው ነበሩና። ሰው ጆሮውን ሲያደንቅ እሱ ትከሻውን ያሻል።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ሚስቱ ቱታውን እያጠበች ሳለ «ይሄ ጥቁር ከየት ነው የሚመጣው?» አለችው። «የራስህ እጅ እዚህ ጋ አይደርስም።» የቀኙ ትከሻ ጀርባ ላይ የግራሶ አሻራ አለ፤ በፈላ ውሃም አልለቅ ብሏታል። መዳፏን ዘርግታ አሻራው ላይ ገጠመችው። መዳፉ ከእሷ ይሰፋል፤ ጣቶቹ ከእሷ ይረዝማሉ፤ አንዱ ግን ያጥራል። ቀና ብላ አየችው። እሱ እንዳልሰማ ሆነ፤ በዚያ ደግሞ የሚያህለው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱታውን ራሱ ያጥባል።

እንዲህ እየኖረ ልጁ ትምህርቷን ጨረሰች። አንዲት ልጅ ብቻ ናት ያለችው፤ አዋላጅ ነርስ ሆነችና ምድቧ ላይኛው ከተማ፣ ከአቀበቱ ማዶ ሆነ። ሥራ ልትጀምር ሁለት ሳምንት ሲቀራት ምሳ ላይ አንድ ነገር ጠየቀች።

«አባዬ፣ የአያቴን መኪና ስጠኝ። እዚያ ሌሊት ምጥ ቢጠሩኝ በምን እሄዳለሁ?»

ጆሮ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። «አውቶቡስ አለ» አላት።

«ሌሊት አውቶቡስ አለ አሉህ?»

«አሮጌ ናት፤ ታስቸግርሻለች።»

ሚስቱ ሳቀች። «የሰው አሮጌ እያስነሳህ የልጅህን ታስቀራለህ? አባቴ ቢኖር በገዛ እጁ ቁልፉን ይሰጣት ነበር።»

እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ እውነተኛው ምክንያት ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የተቀበረ ነው። ራሱን ነቀነቀ። እናትና ልጅ ተቃቀፉ።

ሸራውን ገፈፈ። ጎማ ቀየረ፣ ፍሬኑን አንድ በአንድ ፈታው፣ ካርቡረተሩን አጠበ። አሥር ቀን እንደ ሕፃን ታጠበች፣ ተቀባች። ታይሚንጉን ግን እያየ ያልፈዋል። ሐሙስ ጠዋት ሌላ የቀረ ሥራ ሲያጣ ሞተሩን አስነሳ፣ ብሎኑን አላላ፣ ጎንበስ አለ።

እጁ መጣ። ተጫነ። ጆሮ ትንሽ አዞረ። ተጫነ። ደግሞ አዞረ። የሞተሩ ንዝረት ከእግሩ ሲገባ ይሰማዋል፤ ፈጥኗል፣ ለስልሷል። ሊነሳ የሚገባው እዚህ ጋ ነው ብሎ ጠበቀ። እጁ አልተነሳም። እንዲያውም ጠነከረ፤ አጭሯ ጣት አጥንቱ ላይ ቆመች። ጆሮ ሞተሩን አጠፋ። ሲያጠፋም እጁ አልተነሳም። ገና ረፋድ ነው፤ መንገዱ ሰው ሞልቶታል፤ ማዶ ያለው በያጅ ብረቱን ይበይዳል። ጆሮ ግን እንደ ጎበጠ እጁ እስኪለቀው ድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አያውቅም።

በምልክት ልሞክር አለ። ቺንጊያውን በሚያዞረው ክብ ብረት፣ በፑሊው ላይ፣ የታይሚንግ ምልክት አለ፤ ችግሩ ሽማግሌው ድሮ ፑሊውን ከሌላ መኪና አውጥተው ስለገጠሙት ምልክቱ ውሸታም ነው። ረጅም ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን በጥርሱ ነከሰ፤ ድሮ በዚህ ዘዴ የቫልቭ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማ ነበር። አሁን ጥርሱ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ሌላ መካኒክ ልጥራ አለ፤ ማንን? የዛሬዎቹ ገመድ ሰክተው የሚያነቡ ናቸው፤ ይቺ ደግሞ የሚሰካባት ቀዳዳ እንኳ የላትም። ደግሞስ ጆሮ ሰሚ ፈለገ ቢባል?

አርብ ዕለት በግምት አስሮ ጋራዡ ጀርባ ወዳለው ዳገት ወጣባት። እግሩን ነዳጁ ላይ ሲያሳርፍ ወንበሩ ጀርባውን ገፋው። እንዲህ ዓይነት ጉልበት ከዚህች መኪና ወጥቶ አይቶ አያውቅም፤ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ዘለቀችው። ደስ ሊለው ሲል ቀኝ ትከሻው ከበደ። ከኋላ ወንበር ነው። በመስታወቱ አየ፤ ማንም የለም። ክብደቱ ግን አለ፤ ተጭኖታል፤ እግሩም አብሮ ነዳጁን ተጫነው። ዳገቱ አናት ላይ ብርቱካን የምትሸጥ ሴት መኪናዋ ስታልፍ ፊቷን አጨማዳ ሁለት ጆሮዋን ያዘች። ጆሮ እግሩን አነሳ። አቁሞ በመስኮት ሲጠይቃት እየሳቀች መለሰች፤ ከከንፈሯ አነበበው።

«ጠጠር ነው እንዴ የጫንከው? ምኗ ነው እንዲህ የሚያንኳኳው?»

እሱ ምንም አልሰማም ነበር። ለስላሳ መስሎት ነበር። ሽማግሌውም ያን ቀን ለስላሳ መስሏቸው ይሆን ብሎ አሰበ። በዚያች ደቂቃ ነገሩ ተገለጠለት። ይቅርታ ያለው ነገር ይቅርታ አልነበረም። እጁ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው ይቺን መኪና ነው፤ የሚጠብቀው ደግሞ እሱን ሳይሆን ልጁን ነው። ፈራ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ደረሰ። ልጁ ከምሳ በፊት መነሳት አለባት። «አባዬ፣ አልጨረስክም እንዴ?» እያለች ጋራዡ ገባች። ስልኳን ኪሷ ከታ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ታይሚንግ ሲታሰር ነዳጅ የምትረግጠው እሷ ነበረች። ጆሮ አየት አደረጋትና ተነሽ፣ ሂጂ፣ መኪናዋን አልሰጥሽም ሊላት ፈለገ። እሷ ግን ቀደመችው። ሞተሩን አስነሳች። ብሎኑን አላላና ጎንበስ አለ።

እጁ ወዲያው መጣ። እንደ ሌላ ጊዜ አላረፈም፤ ወደቀበት። ተጫነ። ጆሮ ላለማዞር ጥርሱን ነከሰ፤ የራሱ እጅ ግን አሥራ አንድ ዓመት የተገራ ነውና ትእዛዙን ተቀበለ። አዞረ። ተጫነ፤ አዞረ። ልጁ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አባዬ በቃ! እያንኳኳ ነው!» ብላ ሁለት ጊዜ መጮኋን በኋላ በያጁ ነው የነገረው። እሱ የሚሰማው ክብደቱን ብቻ ነው። ክብደቱም ግንባሩን እስከ ኮፈኑ ጠርዝ ዝቅ አደረገው።

ያኔ ለሽማግሌው ተናገረ። ቀስ ብሎ፣ ከትንፋሽ ባልበለጠ ድምፅ፣ ለእሳቸው ብቻ።

«ጋሼ፣ ልጄን ይተዉልኝ። የዚያን ቀን እጅዎን አንስተው ነበር። መነሳቱን አውቄያለሁ። እያወቅሁ ነው የጨመርኩት፤ ልበልጥዎት ፈልጌ ነው። ፒስተኑ ተበስቶ አገኘሁት፤ ደብቄ ሸጥኩት። ለልጅዎ ቫልቭ ነው አልኳት። ዳገቱ አይደለም የገደልዎት፣ የጭነት መኪናውም አይደለም። እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላደረገችዎትም፣ የልጅዎ ልጅ ናት። ከፈለጉ እኔን ይውሰዱኝ።»

ሲናገር ጣቶቹ ዲስትሪቢውተሩን ለቀውት ነበር። ያልታሰረ ዲስትሪቢውተር ሞተሩ ራሱ ቀስ እያደረገ ወደ ማዘግየቱ ይስበዋል፤ ማንም መካኒክ ያውቀዋል። እየተሳበ መጣ። አንዲት ፀጉር፣ ደግሞ አንዲት ፀጉር። ከዚያ ትከሻው ላይ ያለው ክብደት ተነሳ።

እንደ ድሮው ነው የተነሳው፤ ፈጥኖ፣ ጥርት ብሎ፣ በቃ እንደሚል ሰው። ጆሮ ዲስትሪቢውተሩን ባለበት ያዘና ብሎኑን በአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አጠበቀው። እንባው ሞተሩ ላይ እየወደቀ ይተን ነበር።

ቀና ብሎ ዞረ። መጀመሪያ ያየው ማዶ ያለውን በያጅ ነው። እሳቱን አጥፍቶ፣ ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ አፉን ከፍቶ ይመለከተዋል። ከእሱ አጠገብ ሁለት መንገደኞች ቆመዋል። ልጁ ከመኪናዋ ወርዳ በሩን ይዛ ቀርታለች። ጋራዡ በር ላይ ደግሞ ሚስቱ ነበረች፤ የልጇን ሻንጣ ልታደርስ መጥታ። ሻንጣው እግሯ ስር ወድቋል።

ጆሮ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አነበበና ገባው። በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት ነበር። የማይሰማ ሰው የራሱን ድምፅ መጠን አያውቅም፤ ሞተር እያጓራ ደግሞ ጮኾ መናገር የሠላሳ ዓመት ልማዱ ነው። መንገዱ በሙሉ ሰምቶታል።

ሚስቱ ቀስ ብላ መጣች። አልመታችውም፣ አልሰደበችውም። ፊት ለፊቱ ቆመች፤ እንዲሰማት ወይም እንዲያነባት።

«ቫልቭ ነው አልከኝ» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ለአንድ ጊዜ እንኳ የተባለውን አውቆ ነው የነቀነቀው።

ተመልሳ ሻንጣውን አነሳችና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ልጅቷም ወንበሯ ላይ ተመልሳ ነዳጁን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ አድርጋ ብዙ አዳመጠች። ከዚያ ወርዳ ኮፈኑን ራሷ ዘጋችው። ወደ አባቷ አላየችም። ሲወጡ ጆሮ ከኋላቸው መንገዱ መሐል ድረስ ተከትሎ ቆመ፤ መኪናዋ ወደ አቀበቱ ስትታጠፍ አያት እንጂ አልሰማትም።

«ታንኳኳለች?» አለው በያጁን።

በያጁ ደግ ሰው ነው። እስክትርቅ ድረስ ጆሮውን አቅንቶ አዳመጠና በጣቱ አይ አለው።

ከሰዓት በኋላ የደንበኛ መኪና ኮፈን ከፍቶ ታይሚንግ ላይ ጎንበስ አለ፤ ለሥራው ሳይሆን እንዲያው ለማየት። ትከሻው ላይ ማንም አልመጣም። ጠበቀ። ሞተሩ እግሩ ስር ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ሌላ ዓለሙ ሁሉ ፀጥ ብሏል። አሥራ አንድ ዓመት ሲፈራው የኖረው እጅ ቀርቶ አሁን የፈራው ባዶውን ትከሻውን ነው። ብሎኑን ሳይነካ ኮፈኑን ዘጋና ባለቤቱን «እኔ ከእንግዲህ ይሄን አልሠራም፤ አልሰማም» አለው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

አሥር ሰዓት ላይ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። የልጁ መልእክት ነው።

«ደርሰናል። አላንኳኳችም። እማዬ እዚህ ልትቆይ ነው።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። በመጀመሪያው አለቀሰ፤ ልጁ በሕይወት አለች። በሁለተኛው ፈጣሪን አመሰገነ። በሦስተኛው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አየው። ግራሶ የነካው አውራ ጣቱ እየተንሸራተተበት «እስከ መቼ?» ብሎ ጻፈና ላከ። ከዚያ የጋራዡ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ቢደውሉለት አይሰማምና ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም።